የሰፈራችን የሸማቾች ሱቅ፦ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ገበያ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ከሚገኙት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ እኔ ለዓመታት የተገለገልሁበትን የአንዱን ሱቅ አገልግሎት የሚገመግም ነው። የማኅበሩንም ሆነ የወረዳውን ስም አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ አብዛኛው ከሠራተኞቹ አቅም በላይ ስለሆነና በብዙ ሰፈር የሚኖር አንባቢ የራሱን ሱቅ እዚህ ውስጥ ሊያገኘው ስለሚችል ነው። ሥራዬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምጣኔ ሀብት ማስተማር ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ስለ ሀብት ውስንነት፣ ስለ ምርጫና ስለ አማራጭ ወጪ የማስተምረውን የመጀመሪያ ምዕራፍ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ በዚህ ሱቅ በር ላይ ቆሜ በደንብ እንደተረዳሁት ብናገር ማጋነን አይሆንብኝም።

ሱቁ ሁለት መስኮቶች አሉት። በግራ በኩል ባለው መስኮት ስኳርና ዘይት በመንግሥት ተመን ይሸጣሉ፤ በቀኝ በኩል ባለው ደግሞ ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽንኩርት፣ እንቁላልና የመሳሰለው ሁሉ ማኅበሩ ራሱ ባወጣው ዋጋ ይሸጣል። በግራው መስኮት ላይ ዋጋው ዓመቱን ሙሉ ብዙም ሳይለወጥ ይቆያል፤ ዕቃው ግን በአብዛኛው የለም። በቀኙ መስኮት ዕቃው ሁልጊዜ አለ፤ ዋጋው ግን ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ የዋጋ ዝርዝሩን የሚጽፉት በጠመኔ ነው። ሁለቱም መስኮቶች የአንድ ማኅበር ናቸው፣ ሠራተኞቹም አንድ ናቸው፣ የሚገዛውም ያው የሰፈሩ ሰው ነው። ስለዚህ ሱቁን አንድ አድርጎ «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ማለት አይቻልም፤ ግራውንና ቀኙን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

ከግራው ልጀምር። ባለፈው ክረምት በአንድ ረቡዕ ማታ «ስኳር ገብቷል፤ የእናንተ ቀጠና ሐሙስ ነው» የሚል ወሬ በሰፈሩ ተሰማ። በነጋታው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስደርስ ከበሩ እስከ መብራት ምሰሶው ድረስ ሰልፉ ተዘርግቶ ነበር። ከተሰለፈው ሁሉ ግን ሰው የሆነው ግማሹ ብቻ ነው፤ የቀረው ድንጋይ፣ ባዶ ጀሪካንና አንድ የተሰበረ በርጩማ ነበር። ባለቤቶቻቸው ተራቸውን በእነዚህ አስይዘው ወይ ቤተ ክርስቲያን ስመው ለመምጣት፣ ወይ ልጆቻቸውን ቁርስ ለማብላት ሄደዋል። ከእኔ ኋላ የቆሙ አንድ አዛውንት በርጩማውን በከዘራቸው ጫፍ እየነኩ «ይሄኛው ደግሞ ስንት ኪሎ ይወስዳል?» ሲሉ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

ሱቁ የሚከፈተው 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በፊት የሚያስጠልል ቆርቆሮ ስለሌለ ዝናቡን በጃንጥላም በፌስታልም እየተከላከልን ቆየን። 3 ሰዓት ከ40 ገደማ ሻጯ በመስኮቱ ብቅ ብላ ሦስት ማዳበሪያ ብቻ እንደቀረ ተናገረች። አንዱ ማዳበሪያ 50 ኪሎ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ደግሞ 5 ኪሎ። ሒሳቡን ለመሥራት አስተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ሰልፉ በሙሉ ወዲያው ራሱን ከፊት ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። እኔ 27ኛ ነበርሁ። 31ኛው ሰው፣ ማለትም ስኳር እንደማይደርሰው በእርግጠኝነት ያወቀው የመጀመሪያው ሰው፣ አልሄደም። አጠገቡ ያለችው ሴት «ጋሼ፣ ምን ይጠብቃሉ ታዲያ?» ብትለው «ይህን ያህል ሰዓት ቆሜ አሁን ብሄድ ልፋቴ መና ሊቀር ነው?» አላት። ተማሪዎቼ የወጣና የማይመለስ ወጪ ለቀጣዩ ውሳኔ መሠረት መሆን የለበትም የሚለውን ነጥብ ለምን እንደሚከብዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዝናብ የደበደበው ሰው ስለ ነገ ብቻ አስብ ቢባል አይሰማም። ደግሞም ሰውየው ፈጽሞ ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ ከፊቱ ካሉት ውስጥ አንዱ መታወቂያ ረስቶ መጥቶ ሊመለስ ይችላልና።

4 ሰዓት ከ20 ላይ 5 ኪሎ ስኳሬን ይዤ ወጣሁ። በዚያ ሳምንት በግራው መስኮት ዋጋና በመንገዱ ማዶ ባለው የግል ሱቅ ዋጋ መካከል የነበረው ልዩነት በኪሎ 40 ብር ስለነበር 200 ብር ተረፈልኝ ማለት ነው። ነገር ግን ስኳር የሚወስድ ሁሉ ገዢ ያጣ የልብስ ሳሙና አብሮ እንዲወስድ ተነግሮን ስለነበር ለእርሱ 65 ብር ከፍያለሁ። የቀረውን 135 ብር ለቆምሁበት 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ባካፍለው በሰዓት 31 ብር ገደማ ይደርሰኛል። ሳሙናው ፈጽሞ ከንቱ አልሆነም፤ አረፋ የማይወጣው መሆኑ እንጂ። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው የስኳሩ ዋጋ ርካሽ ነው፤ እኔ በእውነት የከፈልሁት ግን ደረሰኙ ላይ ያለውን፣ ሳሙናውንና ማለዳዬን ነው።

ማለዳዬ ስንት ያወጣል? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በመጻሕፍት የአማራጭ ወጪ የሚባለው ነገር አንድን ነገር ለመምረጥ ስንል ከተውናቸው ነገሮች ሁሉ የተሻለው ነው። ክረምት ስለነበርና ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እኔ የተውሁት እንቅልፌንና ሬድዮ ማዳመጥን ነው፤ በመጋቢት ቢሆን ኖሮ ግን ሁለት ክፍለ ጊዜ እቀር ነበር፣ ስለዚህ ያንኑ ስኳር ከማዶው ሱቅ በውድ ዋጋ ገዝቼ ሥራዬ ላይ መገኘት ይሻለኛል። ስኳሩ ያው፣ ተመኑ ያው፣ እኔም ያው ሆኜ ሳለ ዋጋው እንደ ወሩ ይለዋወጣል። በሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምትኖረው ጎረቤቴ ደግሞ ከእኔ ሦስት ሰው ቀድማ ቆማ ነበር። አብረን ስንመለስ «መምህር፣ ዛሬ እኮ ሁለት ቤት አጠባ ነበረኝ» አለችኝ። «አንደኛውን ከሰዓት አደርሰዋለሁ። የጠዋቷ ሴትዮ ግን ሌላ ሰው ጠራች፤ ስልክ ደውላ ነገረችኝ።» የአንድ ቤት አጠባ ክፍያዋ ከስኳሩ ካተረፈችው ይበልጥ ነበር። ይህን ስታውቅ ለምን ቆመች ብዬ ማሰቤ አልቀረም፤ ስትሄድ እስከ 3 ሰዓት እንደሚያልቅ ተነግሯት ነበር። መረጃ የሌለው ሰው ወጪውን አስቀድሞ ማስላት አይችልም።

ሰልፉ ውስጥ ከነበሩት መካከል ጊዜን በገንዘብ በትክክል የተመነው አንድ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ቆሞ አራተኛ ተራ ይዞ ነበር፤ ሱቁ ሊከፈት ሲል ተራውን ለአንዲት ቸኳይ ሴት በ50 ብር ሸጠና እጁን ኪሱ ከትቶ ሄደ። አንዳንዶች ተቆጡ። እኔ ግን ልጁን ልወቅሰው አልቻልሁም፤ መስኮቱ ላይ ያልተጻፈውን የዋጋውን ክፍል ከሁላችንም ቀድሞ አይቶታል።

በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን «እጥረት» በሚል አንድ ቃል መጥራት ስለለመድን በዚህ ሱቅ ላይ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ ይምታታል። አንደኛው የሀብት ውስንነት ነው፤ ይህም የሰው ፍላጎት ከሀብቱ የሚበልጥ መሆኑ ሲሆን በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዘመን፣ በባለጸጋውም ቤት ያለ ነው። ሁለተኛው የገበያ እጥረት ነው፤ ይህም በአንድ በተወሰነ ዋጋ ሰው ሊገዛ የሚፈልገው መጠን ለሽያጭ ከቀረበው መጠን ሲበልጥ የሚፈጠር ነው። ጤፍም ስኳርም ሁለቱም ውስን ናቸው፤ በሱቃችን በእጥረት የሚጠቃው ግን ስኳሩ ብቻ ነው። በቀኝ መስኮት ጤፍ ሲያንስ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ያኔ አንዳንዱ ማኛውን ትቶ ሠርገኛ ይገዛል፣ አንዳንዱም በግማሽ ኩንታል ፋንታ 25 ኪሎ ይወስዳል፣ ጤፉም አያልቅም። በግራው መስኮት ዋጋው እንዳይንቀሳቀስ ስለታሰረ መንቀሳቀስ የነበረበት ነገር ሁሉ ወደ ሰልፉ ተዛውሯል።

ይህ ማለት ግን ተመኑ ቢነሣ ስኳር ይትረፈረፋል ማለት አይደለም። ከተመኑ ጀርባ ሌላ ትልቅ ውስንነት አለ። በኢትዮጵያ ዘመናዊ የስኳር ምርት የተጀመረው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ሸለቆ ባቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ነው፤ በኋላም መተሐራና ፊንጫ ተጨመሩ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ዓመት የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሀገሪቱን ስኳር ላኪ ያደርጋታል የሚል ትልቅ ተስፋ ይዞ ተነሥቶ ነበር፤ አዲሶቹ ፋብሪካዎች ግን በመዘግየታቸው ከውጭ መግዛቱ ቀጠለ። ከውጭ ለመግዛት ደግሞ ዶላር ያስፈልጋል፤ ያው ዶላር ለነዳጅ፣ ለአፈር ማዳበሪያና ለመድኃኒትም ይፈለጋል። በሰልፉ ላይ ሳለሁ ስልኬ ላይ የምጽፈው ሒሳብና በብሔራዊ ባንክ ደረጃ የሚሠራው ሒሳብ በመጠን ይለያይ እንጂ ጥያቄው ያው ነው፤ ይህን ከገዛሁ ምኑን ልተው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር ላይ የነበረው የግራ መስኮት ወደ ቀኝ ተዛወረ ብል ለዚህ ሱቅ ደንበኞች ነገሩ በቀላሉ ይገባቸዋል፤ ዶላር በባንክ ለማግኘት ወረፋ የሚጠብቅ ነጋዴና ስኳር የሚጠብቅ የሰፈራችን ሰው በአንድ ዓይነት ሰልፍ ላይ ነበሩና። ለውጡ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ላይ ያሳደረው ጫና ግን በማናችንም ኪስ ተሰምቷል።

ከእናቴ ጋር ስለዚህ ሱቅ ስናወራ እሷ «ቀበሌ» እያለች ነው የምትጠራው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ በየቀበሌው ኅብረት ሱቅ ተከፍቶ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ጤፍ በካርድ ይታደል ነበር። እናቴ ካርዱን ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ታስቀምጠው እንደነበር ትናገራለች። ጎረቤታሞች «ሳሙና መጥቷል» ብለው በአጥር ላይ ይጠራሩ ነበር፤ ዛሬ አጥሩን ስልክ ተካው እንጂ ጥሪው አልተለወጠም። ዛሬ ሱቆቹ በሕግ የአባላት ናቸው፤ አባል የሆነ ሰው ዕጣ፣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ፣ ገዝቶ፣ የዕጣው ብዛት ምንም ያህል ቢሆን አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ጉባኤ ላይ ይቀመጣል። በግራው መስኮት ላይ ግን የአባላቱ ጉባኤ ሥልጣን የለውም፤ ዋጋውንም ኮታውንም የሚወስነው ሌላ ነው።

በቂ ዕቃ ሳይኖር የዋጋ ጣሪያ፣ ማለትም ከዚህ በላይ አትሽጡ የሚል ወሰን፣ ምን እንደሚያመጣ በሰፊው የታየው በ2003 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነበር። መንግሥት ሥጋን፣ ዳቦን፣ ዘይትን፣ ስኳርን፣ ፓስታን፣ ቢራን ጨምሮ ከ15 በሚበልጡ ሸቀጦች ላይ ጣሪያ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሸማቹ የድግስ ያህል ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዕቃው ከመደርደሪያ እየጠፋ ሄደ፤ ግማሽ ዓመት ሳይሞላም ከአብዛኞቹ ላይ ጣሪያው ተነሣ፣ ስኳርና ዘይት ግን በቁጥጥር ሥር ቀሩ። የሱቃችን ግራ መስኮት የዚያ ዘመን ቅሪት ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ለግራው መስኮት መከራከር የሚፈልግ ሰው ያለውን ነጥብ ሳላነሣ ባልፍ ፍርዴ የተዛባ ይሆናል። ስኳሩ በገበያ ዋጋ ይሸጥ ቢባል ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ የሌለው ይቀራል። ጊዜ ግን ለሁሉም በቀን 24 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በሰልፍ ማከፋፈል ከገንዘብ ይልቅ ለድኻው ይራራል ይባላል። ይህ ክርክር ጡረተኛ ለሆኑት ለእነዚያ አዛውንት ይሠራል፤ የሚተዉት የቀን ገቢ የላቸውም፣ 200 ብሩም በወር በጀታቸው ላይ ይታያል። ለልብስ አጣቢዋ ጎረቤቴ ግን አይሠራም። ከሁሉ የሚከፋው የሰልፉ ወጪ ለማንም ገቢ አለመሆኑ ነው። ለማዶው ሱቅ በጭማሪ የምከፍለው 200 ብር ቢያንስ ለባለሱቁ ይደርሳል፤ በሰልፉ ላይ ያለቀው የ60 ሰው ማለዳ ግን ማኅበሩንም፣ ፋብሪካውንም፣ አገዳ ቆራጩንም አልጠቀመም። ሌላም አለ፤ በግራው መስኮት ለመገልገል የዚያ ወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል። በየጓሮው ሰርቪስ ቤት ተከራይተው የሚኖሩት፣ ከገጠር ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው የቀን ሠራተኞች ይህ መታወቂያ የላቸውም። ድኻውን ይጠቅማል በተባለው መስኮት ፊት የሰፈሩ ድኾች መሰለፍ እንኳ አይችሉም።

ኮታው ለሁሉም እኩል መሆኑም የራሱን ገበያ ወልዷል። ከሱቁ አጠገብ ሻይና ብስኩት የምትሸጥ ሴት በወር ከ5 ኪሎ በላይ እንደሚያስፈልጋት ለማንም ግልጽ ነው፤ ለእሷ የሚሰጣት ግን እንደ ማንኛውም ቤተሰብ 5 ኪሎ ነው። በሌላ በኩል ሐኪም ስኳር የከለከላቸውና ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ጎረቤት አሉን፤ ኮታቸው 5 ኪሎ ነው። ለእርሳቸው የመጀመሪያዋ ኪሎ ራሷ ለእንግዳ ቡና ካልሆነ ጥቅም የላትም፤ ለሻይ ሻጯ ደግሞ አሥረኛዋም ኪሎ ወደ ገንዘብ ትለወጣለች። ስለዚህ በመካከላቸው ስምምነት አለ፤ እርሳቸው ይሰለፋሉ፣ እሷ ከተመኑ በላይ ከማዶው ሱቅ በታች ትከፍላቸዋለች፣ ጠዋት ጠዋትም ያለ ስኳር ሻይ በነጻ ታቀርብላቸዋለች። ሁለቱም ተጠቅመዋል፣ የተጎዳም የለም። በሱቁ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን «ኮታን አሳልፎ መሸጥ ያስቀጣል» ይላል። ይህን ከሱቁ የጓዳ በር በኩል ማዳበሪያ ሙሉ ከሚወጣበት ዓይነት ንግድ ጋር አንድ አድርጎ መክሰስ አግባብ አይመስለኝም። በእኛ ሱቅ እንዲህ ያለ የጓዳ ንግድ በዓይኔ አላየሁም፤ ወሬው ግን ስኳር ባለቀ ቁጥር ይነሣል፤ በተመንና በገበያ ዋጋ መካከል ሰፊ ልዩነት እስካለ ድረስም መነሣቱ አይቀርም።

ስለ ዘይቱ አጭር ነገር ልበል። በተመን የሚመጣው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። በሐምሌ ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ቅቤ ስለሚጋገር ገዢዎች ወይ ምድጃ አጠገብ ያስቀምጡታል ወይ ለብ ባለ ውኃ ይነክሩታል። አቅም ያለው ወደ ሱፍ ዘይት ዞሯል፤ የኑግ ዘይት የሚወድ ሰው ደግሞ ዋጋውን ጠይቆ በዝምታ ይመለሳል። ስለዚህ የዘይቱ ሰልፍ ከስኳሩ ያጥራል፤ ተተኪ ያለው ዕቃ ሰው አያስጨንቅም። ለሻይና ለቡና ስኳርን የሚተካ ነገር ግን ማር ካልሆነ በቀር የለም፤ የማሩን ዋጋ ደግሞ ባናነሣው ይሻላል።

አሁን ወደ ቀኙ መስኮት ልሻገር፤ ሱቁን የምወደው በዚህ መስኮት ምክንያት ነውና። ጤፉ ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀጥታ ስለሚመጣ በገበሬውና በእኛ መካከል ያለው የደላላና የጅምላ ነጋዴ ሰንሰለት ያጥራል። ዋጋው ከእህል በረንዳው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ያለውም አንድ ሰው በትእዛዝ ስላወረደው ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚጨመረው ወጪ ስለቀነሰ ነው። ይህ ልዩነት ለእኔ የሱቁ ትልቁ ቁም ነገር ነው። የግራው መስኮት ቅናሽ በሰልፍ ተመልሶ ይወሰድብኛል፤ የቀኙ ቅናሽ ግን ቤቴ ድረስ አብሮኝ ይመጣል። ባለፈው ጊዜ ነጭ ጤፍ 50 ኪሎ ለመግዛት የፈጀብኝ ሩብ ሰዓት ነው፤ ከዚያም ውስጥ የሚበልጠው ተሸካሚ ለማግኘት ያለፈ ነበር። ጤፉ አፈር የለውም፤ ባለቤቴ ስታበጥረው «ይሄንንስ ሰው ነው የነፋው» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ቀኙ መስኮት ላይ የዋጋን ሥራ ማየት የሚፈልግ ሰው ሽንኩርቱንና እንቁላሉን ይከታተል። ከመቂና ከባቱ አካባቢ የሚመጣው ሽንኩርት ክረምት ሲገባ ይቀንሳል፣ ጠመኔዋም ወደ ላይ ትሄዳለች፤ ያኔ ሦስት ኪሎ የሚገዛው ሰው አንድ ኪሎ ይገዛል፣ ወጡም ይሳሳል። እንቁላል ደግሞ በዐቢይ ጾም ወቅት ገዢ አጥቶ ይከማቻል፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ የትንሣኤ ሳምንት ሲደርስ ያው እንቁላል፣ ያችው ዶሮ የጣለችው፣ በአምስት ቀን ውስጥ ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። ለተማሪዎቼ አቅርቦትን የሚቀይረውንና ፍላጎትን የሚቀይረውን ምክንያት ለይተው እንዲጽፉ የማዘው የቤት ሥራ ይህ ነው። አንዲት ተማሪ የሰሙነ ሕማማትን የእንቁላል ዋጋ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እየመዘገበች መጥታ ነበር፤ ዓርብ ላይ ባዶ ስለሆነባት ለምን ብዬ ስጠይቃት «ቲቸር፣ ስቅለት እኮ ነው፤ ስግደት ላይ ነበርሁ» አለችኝ። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ስለ መስተንግዶው ብዙ የምለው የለኝም። ሻጮቹ ትሑታን ናቸው፤ ሰልፉ ሲረዝምና ሰው ሲቆጣ ስድቡን የሚቀበሉት እነርሱ መሆናቸው ያሳዝናል። ሚዛኑ ታማኝ ነው። ስኳሩን የሚመዝነው ወጣት ማንኪያውን ጆንያው ውስጥ ነክሮ ካወጣ በኋላ መርፌው እስኪረጋ ድረስ እጁን ወደ ኋላ ይይዛል፤ ጥቂት ቅንጣት ከጎደለም ይጨምራል፣ ከተረፈም በጣቱ ቆንጥሮ ይመልሳል። ቤቴ ወስጄ በጎረቤታችን የቅቤ ሚዛን ባስመዝነው ልክ 5 ኪሎ ሆኖ አገኘሁት። ማዶ ካለው ሱቅ የምገዛው አንድ ኪሎ ግን ፌስታሉን ጨምሮ ነው የሚመዘነው።

ማኅበሩ በራሱ ሥልጣን ሊያስተካክላቸው የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ስኳር በሚሸጥበት ቀን ስንት ማዳበሪያ እንደገባ ከንጋቱ ጀምሮ በሩ ላይ መጻፍ ነው። ጠመኔም አለ፣ ሰሌዳም አለ። ስንት ሰው እንደሚደርሰው የታወቀ ቢሆን ኖሮ ያ 31ኛ ሰው ቁርሱን በልቶ ይመለስ ነበር፣ ጎረቤቴም የጠዋቷን ሴትዮ አታጣም ነበር፤ ስኳሩ በአንዲት ማንኪያ ሳይጨምር የሰፈሩ ኪሣራ ይቀንስ ነበር። ሁለተኛው ሳሙናውን መተው ነው። በተመን የሚሸጥን ዕቃ ከማይፈለግ ዕቃ ጋር አጣምሮ መሸጥ ተመኑን በጓሮ በኩል ማስነሣት ስለሆነ፣ ማኅበሩ ዋጋው አልበቃኝም ካለ ይህንን ለሚመለከተው አካል በግልጽ ቢያቀርብ ይሻላል እንጂ ከአባላቱ ላይ መሰብሰብ የለበትም። ይህንን በመጨረሻው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥቼ ተናግሬ ነበር፤ ሰብሳቢው በትሕትና መዝግበውታል።

ስለዚህ ወደዚህ ሱቅ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይህን ነው፦ ጤፍ፣ ጥራጥሬና እንቁላል ያለ ጥርጥር ከዚህ ይግዙ፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰው አይበዛም። የነዋሪነት መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱ፣ ቅጂ አይቀበሉም። ስኳሩን በተመለከተ ግን ከመሰለፍዎ በፊት ያንን ማለዳ ለምን ሊያውሉት ይችሉ እንደነበር ያስሉ፤ ጡረታ ላይ ከሆኑ ወይም እንደ እኔ ክረምት ላይ ዕረፍት ከሆኑ ይቁሙ፣ በርጩማና ጃንጥላ ይያዙ። እኔ ከመስከረም በኋላ ስኳር ከማዶው ሱቅ ነው የምገዛው። የቀረኝን ኮታ ለሻይ ሻጯ እንዳልሰጣት ማስታወቂያው ይከለክለኛል፤ እሷ ግን ባለፈው ሳምንት ስታገኘኝ «መምህር፣ የእርስዎ ቀጠና ሐሙስ ነው አይደል?» ብላ ጠይቃኛለች።